ከአሮጌ ካምፐር ወደ ተለቅ ያለ ቫን፦ ከሐዋሳ ለሚነሱ ተጓዦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ካምፐር፣ ማለትም መኝታ የተሠራለት መኪና፣ ያለው ሰው ብዙ አይደለም። ያለው ግን በሰፈሩ ይታወቃል። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ቮልስ ኮምቢ ወይም የድሮው ሃይስ ነው። ውስጡ ፍራሽ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ሁለት ጄሪካን። ልጅ ሲወለድ ወይም ሞተሩ መድከም ሲጀምር “ተለቅ ያለ ይሻለን ነበር” የሚለው ወሬ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚነሱት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። እዚህ የሰበሰብኩት እነሱን ነው። መልሶቹ ውስጥ የኔ አድልዎ አለ፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ለአብዛኛው ሰው አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ማለት ይበቃል ባይ ነኝ።

አሮጌውን አስጠግኜ ብቀጥልስ?

ሁለት ሰው ከሆናችሁና የምትሄዱት ላንጋኖ፣ ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም ከሆነ፣ ቀጥሉ። መቀየሩ ቅንጦት ነው።

ኮምቢ ላይ ግን ጥያቄው ሞተር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1979 ጀርመን የተመረተው ኮምቢ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። 1.6 ሊትሩ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ሜዳ ላይ ደስ ይላል። ረጅም ዳገት ላይ ግን ጭነት ጨምራችሁ ስትገፉት ሙቀቱ የሚያርፈው ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ነው። የቮልስ ሜካኒክ ዛሬም አይጠፋም፤ ጎበዞች ናቸው። ሞተር ይታደሳል። የማይታደሰው ከሥር ዝገት የበላው ላሜራ ነው። ወለሉንና የበሩን ሥር በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ። ካቻቢቴው ከገባ፣ ለሞተር የምታወጡት ብር የሚገባው የሞተ አካል ውስጥ ነው።

“ትልቅ” ሲባል ምን ያህል ትልቅ?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ርዝመት ነው። እኔ ደግሞ ርዝመትን መጨረሻ ላይ እዩት እላለሁ። አሮጌው ካምፐር ውስጥ የሚያማርራችሁ ምን እንደሆነ አስቡ። ሱሪ ለመልበስ መተኛት፣ ሽሮ እያማሰሉ ወገብ ማጎንበስ፣ ዝናብ ሲመጣ አራት ሰው ተጣጥፎ መቀመጥ። የነዚህ ሁሉ መነሻ የጣሪያው ዝቅተኛነት ነው።

ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱ ቅርፅ ሃይስ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና እኛ አገር አባዱላ የሚል ስም የወጣለት፣ በብዙ ዓይነት ቁመትና ወርድ ተሠርቷል። ትንሹ 4.70 ሜትር ርዝመትና 1.70 ሜትር ወርድ አለው። ትልቁ፣ ሰፊውና ሃይሩፉ (ጣሪያው ከፍ ያለው)፣ 5.38 ሜትር ርዝመት፣ 1.88 ሜትር ወርድ፣ ወደ 2.29 ሜትር የውጭ ቁመት አለው። ሁለቱም ሃይስ ይባላሉ። በስልክ “ሃይስ አለ” ሲሏችሁ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ሃይሩፍ ስለተባለ ቀጥ ብሎ የሚያስቆም ይመስላል። የትልቁ ሃይሩፍ የውስጥ ቁመት 1.60 ሜትር አካባቢ ነው። ወለሉ ላይ ኮምፔልሳቶ፣ ጣሪያው ላይ ስፖንጅና ልባስ ስታደርጉ ደግሞ ይቀንሳል። ልጆች ይቆማሉ፤ አዋቂ አንገቱን ይሰብራል። ከኮምቢ አንጻር ትልቅ እፎይታ ነው። መቆም የግድ ከሆነባችሁ ግን ወደ ኮስተር (የቶዮታ መለስተኛ አውቶቡስ) ወይም ከፍተኛ ጣሪያ ያለው ስፕሪንተር (የመርሴዲስ ቫን) መሄድ ነው።

አልጋው በርዝመት ይሠራ ወይስ በወርድ?

ከርዝመት በፊት ወርድን እዩ የምለው ለዚህ ነው። አልጋው ከፊት ወደ ኋላ ከተዘረጋ 1.90 ሜትር የመኪናውን ርዝመት ይበላል። ከግድግዳ ግድግዳ፣ በወርድ ከተዘረጋ ግን ለሁለት ሰው 1.30 ሜትር ይበቃል። ስልሳ ሳንቲ ሜትር አተረፋችሁ ማለት ነው። ስልሳ ሳንቲ ማለት ማብሰያ ቦታ ነው።

በጠባቡ ሃይስ ይሄ አይታሰብም። በሰፊው ሃይስ የውስጥ ወርዱ 1.70 ሜትርን ትንሽ ያልፋል፤ ግድግዳው ሲለበስ አጠር ያለ ሰው ብቻ ነው እግሩን የሚዘረጋው። ኮስተር ከውጭ ከ2 ሜትር በላይ ወርድ ስላለው አብዛኛው ሰው በወርድ ይተኛበታል። ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱና መኪናው ወለል ላይ ተኙ። ሻጩ ይስቃል። ይሳቅ።

ሃይሩፍ፣ ኮስተር፣ ስፕሪንተር፦ የትኛው ይሻላል?

እኔ መጀመሪያ የማየው ማን ይጠግነዋል የሚለውን ነው። ካምፐር የሚበላሸው ሐዋሳ ምናኸሪያ አጠገብ ሳይሆን ኮንሶና ቀይ አፈር መካከል ነው።

ሃይስ በዚህ አይታማም። አገሩ ሁሉ የሚሳፈርበት ነው። ዲላም፣ ሶዶም፣ ሮቤም ፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ ታገኛላችሁ። ሜካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። የድሮዎቹ የናፍጣ ሞተሮች፣ 2.8 ሊትሩና 3.0 ሊትሩ ያለ ቱርቦ፣ ቀርፋፋ ናቸው፤ ግን ኮምፒዩተር የላቸውም ማለት ይቻላል። አዲሶቹ ባለ ቱርቦ 2.5 እና 3.0 ሊትር ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩ) ሞተሮች ጉልበታቸው ሌላ ነው፤ በነዳጅም ይቆጥባሉ። ጠላታቸው ቆሻሻ ናፍጣ ነው። በርሜል ከተደረደረበት ሱቅ በጄሪካን የተቀዳ ናፍጣ ኢንጀክተሩን፣ ናፍጣ የሚረጨውን ክፍል፣ ይገላል። የናፍጣ ማጣሪያ ትርፍ ይዞ መሄድ የግድ ነው።

ኮስተር ሌላ ዓለም ነው። ርዝመቱ እንደ ዓይነቱ ከ6.2 እስከ 7 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2016 በቆየው ቅርፅ ከተሠሩት ውስጥ የኔ ምርጫ ባለ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ሜካኒኮች “ዋን ኤች ዜድ” የሚሉት ሞተር ያለበት ነው። ያው ሞተር የላንድክሩዘሩ ሞተር ነው። ገጠር ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ያለበት ቦታ ሁሉ ይሄን ሞተር የሚያውቅ ሰው አለ። መለዋወጫውም አይጠፋም። ከኋላ ጥንድ ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ጠንካራ ሻንሲ። ክብደት ይሸከማል። በምትኩ ናፍጣ ይጠጣል፦ ሃይስ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ሲበላ ኮስተር ከ14 እስከ 18 ይበላል። ጎማም ስድስት ነው የሚገዛለት፤ ከስኮርታው ጋር ሰባት።

ስፕሪንተር ከሁሉም ምቹ ነው። ይቆማል፣ ይተኛል፣ አስፋልት ላይ አይወዛወዝም። አውሮፓ ውስጥ ካምፐር የሚሠሩት ከነስፕሪንተርና ዱካቶ የሚነሱትም ያለምክንያት አይደለም። አዲሶቹ ግን የጭስ ማጣሪያና ብዙ ሴንሰር አላቸው። ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ አንድ መብራት ይበራል፤ መኪናው ጉልበቱን ቆርጦ እንደ ታመመ ሰው ይጎተታል። ያን መብራት የሚያነብ መሣሪያ ጂንካ ላይ ከመፈለግ ይሰውራችሁ። አዲስ አበባና ሐዋሳ መካከል በአስፋልት ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ ግን አልቃወምም።

የኔ ፍርድ ይሄው፦ ሁለት ሰው ወይም ሁለት ሰውና አንድ ሕፃን ከሆናችሁ ሰፊው ሃይሩፍ። አራትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ አጭሩ ኮስተር። ሰባት ሜትሩን ኮስተር የሚያስገዛ ምክንያት አላየሁም፤ ቤት ለቃችሁ መኪና ውስጥ ካልገባችሁ በስተቀር።

ኒሳን ሲቪሊያን፣ ሚትሱቢሺ ሮዛ፣ ሂዩንዳይ ካውንቲስ?

መጥፎ አይደሉም። በመጠን ከኮስተር ጋር አንድ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ዋጋቸውም ይቀንሳል። የምትወዱት ሜካኒክ “አውቀዋለሁ” ካለ ግዙ። “እናየዋለን” ካለ አትግዙ።

ባሌ ተራራ ላይ ይወጣል?

ይወጣል። እንዴት ነው የሚወጣው የሚለው ነው ነገሩ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ሐዋሳ ራሷ 1,700 ሜትር ላይ ናት። ማለትም ፋብሪካው 130 የፈረስ ጉልበት አለው የሚለው የኮስተር ሞተር፣ ገና ከቤት ሳትወጡ ወደ 110 ወርዷል። ሳነቴ፣ የባሌ ተራራ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ 80 አካባቢ ይቀራል። ከአራት ቶን በላይ የሆነ መኪና በ80 የፈረስ ጉልበት ዳገት ሲወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ መክረም ነው። ጥቁር ጭስም ያጨሳል። መኪናው ተበላሽቶ አይደለም።

ቱርቦ ያለው በዚህ ይሻላል። የሚያሰጋኝ ግን ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው። ከጨንጫ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደውን ቁልቁለት አስቡት። በከባድ መኪና ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን ያቃጥላል። በወጣችሁበት ማርሽ ነው መውረድ ያለባችሁ።

ሌላ ነገር፣ ትንሽ ከርዕሱ ወጣ ያለ፦ ሳነቴ ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮ ግድ የለውም። ባቄላና ሥጋ ግን አይበስልላችሁም። ፕሬዠር ድስት ያዙ።

ምን ያህል ዕቃ ልጫንበት?

ከምታስቡት ያነሰ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ መቶ ሊትር ታንከር ከሞላችሁ አንድ ኩንታል ጫናችሁ። አልጋና ቁም ሳጥን በወፍራም እንጨት ከተሠራ ሌላ ሁለት ኩንታል። ባትሪ፣ ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር፣ ፍሪጅ፣ ስኮርታ፣ መሣሪያ ሌላ አንድ ኩንታል። አራት ሰው ከነሻንጣው ሦስት ኩንታል። ሰባት ኩንታል ሞላ። ሃይስ የሚሸከመው አንድ ቶን ገደማ ነውና ያልፋል፤ ግን ፖርቶ መጋላው ላይ ድንኳንና ብስክሌት ስትጨምሩ ጫፍ ላይ ናችሁ። ጣሪያ ላይ የተጫነ ኪሎ ደግሞ ወለል ላይ ከተጫነው ይከፋል፤ በጠመዝማዛ መንገድ መኪናውን ያንጋድደዋል።

አናጺው ቤት እንደሚሠራ አድርጎ እንዳይሠራባችሁ ተቆጣጠሩ። የኛ አናጺዎች ጥንካሬ ይወዳሉ። አምስት በአሥር ሞራሌ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?

መንጃ ፈቃዴ አውቶሞቢል ነው፤ ይበቃል?

ለኮስተር አይበቃም። የሕዝብ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሚኒባስ ሆኖ የተመዘገበ ሃይስም እንደዚያው ነው። “ወንበሩን ስላወጣሁት አሁን ካምፐር ነው” የሚለው መልስ ትራፊክ ፖሊስ ፊት አይሠራም፤ የሚታየው ሊብሬው ላይ የተጻፈው ነው። ወንበር ማውጣት፣ አልጋ መግጠም፣ የአገልግሎት ዓይነት መቀየር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። አለዚያ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ቦሎ ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። አደጋ ቢደርስ ደግሞ ኢንሹራንሱ ሰበብ ያገኛል።

ኮስተር ለመግዛት ካሰባችሁ ትምህርቱን አሁኑኑ ጀምሩ። መኪናው ግቢ ቆሞ መንጃ ፈቃድ መጠበቅ ያበሳጫል።

ከውጭ ባስመጣስ?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስመጣትን ትርጉም አሳጥቶታል፤ ያገለገሉ የቆዩ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎባቸዋል። ዘመድ ዱባይ ላይ ያየው “ርካሽ” ኮስተር እዚህ ሲደርስ ርካሽ አይሆንም። ከጃፓን በፎቶ የምታዩት ደግሞ መሪው በቀኝ ነው፤ አትድከሙበት። ገበያችሁ አገር ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪና ነው። ዋጋው የማይወርደውም ለዚህ ነው።

ሲገዛ ወረቀቱ ላይ ምን ልይ?

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሞተር የጎዳው ሰው ብር ያጣል። ወረቀት የጎዳው ሰው መኪናውን ያጣል።

አንደኛ ነገር ቀረጥ ነው። ኮስተርና ትልልቅ ቫን ይዘው የሚሸጡት ብዙዎቹ የአስጎብኚ ድርጅቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና ባለሀብቶች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና አለ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ዋጋው ከገበያው በጣም ዝቅ ብሎ ካያችሁት መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄንን ነው። “በኋላ እንጨርሳለን” ማለት እናንተ ትጨርሳላችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ ዕዳና እገዳ አለ። መኪናው ባንክ በመያዣ ይዞት ይሆናል፤ ፍርድ ቤት አግዶት ይሆናል። ይሄ የሚታየው ፋይሉ ባለበት ትራንስፖርት ቢሮ ነው። ሐዋሳ የቆመ መኪና ፋይሉ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ሊሆን ይችላል። ደላላው “አጣርቻለሁ” ቢላችሁም ራሳችሁ ሂዱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ በስልክ ፎቶ ሳይሆን መኪናው ሥር ተንበርክካችሁ። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ያልተመዘገበ ሃይስ ብዙ ነው።

ውክልናም አለ። መኪናው በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ይሞታል። ባለቤቱ ራሱ ካልመጣ፣ ውክልናው መሸጥ የሚያስችል መሆኑንና አለመሻሩን አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ በዚህ ምክንያት ከመመለስ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ቀብድ? ይሄ ሁሉ ሳይጣራ አይሰጥም። “ሌላ ገዢ አለ” ሲሏችሁ ይሂድለት።

መኪናውን ራሱን እንዴት ልፈትነው?

ከተማ ውስጥ አስፋልት ላይ ዞር ዞር ማለት ፈተና አይደለም። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ሐዋሳ ውስጥ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው። ወደ ሀገረ ሰላም ውሰዱት። ከአለታ ወንዶ በኋላ ያለው ዳገት ከ2,700 ሜትር በላይ ያደርሳችኋል። የሙቀት መለኪያውን እዩ። ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ ውረዱና ሥሩን ተመልከቱ፦ ዘይት ይንጠባጠባል? ውሃ ይሸታል? ራዲያተሩ ሲቀዘቅዝ ክፈቱት። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የተበላሸው ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ነው፤ መልካም ጉዞ ለሻጩ።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ ሳለ፣ እናንተ ፊት ይነሳ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። ኪሎ ሜትሩን አትመኑት። ሕዝብ ሲያመላልስ የኖረ ሚኒባስ 120,000 ብቻ ነድቷል ቢባል ማን ያምናል? ከሱ ይልቅ የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ፣ የሾፌሩን ወንበርና የተንሸራታች በሩን ሐዲድ እዩ። እነሱ አይዋሹም። ጣሪያው ላይ የፖርቶ መጋላ ቀዳዳ ካለ ባልዲ ውሃ ድፉበት፤ ካምፐር ውስጥ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ ፍራሽ ያበሰብሳል።

ኤሌክትሪክ ቫንስ? አሁን ሁሉም ወደዚያ እየሄደ ነው።

ከተማ ውስጥ ለመሥራት ጥሩ ነው። ለካምፐር ገና ነው። ቻርጅ ማድረጊያው ከአዲስ አበባ ስትርቁ ይሳሳል፤ ካምፐር ደግሞ የሚገዛው ለመራቅ ነው።

ፍሪጅና መብራት በምን ይሠራል?

በሶላር፣ ያለ ብዙ ፍልስፍና። ሐዋሳ 7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ አናት ተጠግታ ስለምትሄድ ፓኔሉን ጣሪያው ላይ ጠፍጣፋ መግጠም ይበቃል፤ ማዘንበያ ብረት አያስፈልግም። 200 ዋት ፓኔል ለትንሽ ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ፣ ለመብራትና ለስልክ በፀሐይ ቀን ይበቃል። ክረምት ላይ አይበቃም፤ ያኔ ሞተሩ እየሄደ የሚሞላበት መስመር ይኑረው።

ባትሪ ላይ አትሰስቱ። ተራው የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ መቶ አምፒር ገዝታችሁ የምትጠቀሙት ሃምሳውን ነው። ሊቲየሙ ይወደዳል፤ ግን አብዛኛውን ጉልበቱን ይሰጣል፣ ክብደቱም ግማሽ አይሞላም። የመኪናውን ማስነሻ ባትሪና የፍሪጅና መብራቱን ባትሪ ለዩ። የሚያስነሳላችሁ ሰው የሌለበት ቦታ ላይ ፍሪጅ ባትሪውን ቢጨርስባችሁ ኮስተር በግፊ አይነሳም።

ውስጡ ቡና ማፍላት ይቻላል?

በጋዝ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ይቻላል። በከሰል አይቻልም። በጭራሽ። ቦታው ሰፋ ስላለ ብቻ ረከቦቱን ወደ ውስጥ የሚያስገቡ አሉ፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ በሩን ይዘጋሉ። ከሰል የሚገድለው ሽታ በሌለው ጋዝ ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል፤ ከዚያ በቃ። ብርድ ሲሆን ለሙቀት ብሎ ፍም ማስገባትም ያው ነው። ሳነቴ ላይ ሌሊት ውሃ በረዶ ይሆናል፤ መፍትሔው ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ነው።

የጋዝ ሲሊንደሩን በተመለከተ፦ ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ የሲሊንደሩ ሳጥን ከሥሩ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ይኑረው።

ትልቅ ስለሆነ የማልገባበት ቦታ ይኖራል?

ይኖራል። መጀመሪያ የራሳችሁን ግቢ በር ለኩ። ሰባት ሜትር መኪና ከኮብልስቶን መንገድ ወደ ግቢ ለመታጠፍ ፊት ለፊት ያለው አጥር ይበቃዋል? ሆቴሎችም መግቢያቸው ላይ ቅስት አላቸው፤ ኮስተር 2.60 ሜትር ቁመት አለው፣ ፖርቶ መጋላና ሶላር ሲጨመር ሦስት ሜትር ይጠጋል። ቁጥሩን ጽፋችሁ ጋቢና ውስጥ ለጥፉት።

ከተማ ስታድሩ ጥበቃ ያለው የሆቴል ግቢ ጠይቁ። ተነጋግራችሁ ከፍላችሁ ታድራላችሁ፤ ሻወርም ታገኛላችሁ። ላንጋኖ ዳር ድንኳን የሚያስተክሉ ሪዞርቶች አሉ። ባሌ ላይ ዲንሾ፣ ፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ጋ፣ ማደሪያ ቦታ አለ። ወደ ሩቅ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከዚያው ከሚመላለሱ ሾፌሮች ጠይቁ።

ሐይቅ ዳር መቆም ሁሉም ይመኛል። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጉማሬ አለ፤ ማታ ሣር ሊግጥ የሚወጣውም እናንተ መቆም የምትፈልጉበት ዳርቻ ላይ ነው። ራቅ በሉ። አብያታ ላይ ደግሞ ዳርቻው ደረቅ ይመስላል፤ ላዩ ቅርፊት ነው፣ ሥሩ ጭቃ ነው። ኮምቢውን አራት ሰው ገፍቶ ያወጣው ይሆናል። አራት ቶን ኮስተር የሚያወጣው ትራክተር ነው።

ሽንት ቤት ይገጠምለት?

ለሃይሩፍ አይመከርም፤ ቦታ ይበላል። ክዳን ያለው ባልዲና ሰጋቱራ ለሌሊት ይበቃል። ኮስተር ላይ ደስ ካላችሁ ግጠሙ፤ ግን የት እንደምትደፉት ከመግጠማችሁ በፊት አስቡ።

የወባ ነገርስ?

ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ኦሞ ሁሉም የወባ አገር ናቸው። በመስኮቶቹና በጣሪያው አየር ማስገቢያ ላይ ወንፊት አሠሩ። ተንሸራታቹ በር ላይ ደግሞ በማግኔት የሚዘጋ መጋረጃ። ይሄን ከቁም ሳጥኑ በፊት አሠሩ።

አሮጌውን መቼ ልሽጠው?

አዲሱ ስም ዞሮ፣ ቦሎ ወጥቶ፣ አንድ ሌሊት አድራችሁበት ከታየ በኋላ። ቶሎ ሸጦ ያለ መኪና መቅረት አለ፤ ገበያው ላይ ደግሞ ሰፊው ሃይሩፍ በየቀኑ አይወጣም። ኮምቢ ከሆነ ዕቃውን አውጡና እንደ ኮምቢ ሽጡት፤ ፍራሹና ምድጃው ዋጋ አይጨምርለትም። አካሉ ደህና የሆነ ኮምቢ ገዢ አያጣም፤ ቮልስ የሚወድ ሰው አለ፣ ቡና መሸጫ ሊያደርገው የሚፈልግም አለ። ሦስተኛ ወገን መድኑን ስም ከማዛወራችሁ በፊት አታቋርጡ። ከሸጣችሁም በኋላ ስሙ መዞሩን በወረቀት ሳታዩ ቁልፉን አትስጡ፤ በእናንተ ስም የሚመጣው የትራፊክ ቅጣት የእናንተ ነው።